ፎቅ ሲወጡ የማይቆራረጥ ዋይፋይ እንዴት እንደሚዘረጋ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ጂ ፕላስ ሁለት ፔንሲዮን አላችሁ እንበል። ራውተሩ ታች ሪሴፕሽን ነው። እንግዳው ቪዲዮ ኮል እያወራ ደረጃ ሲወጣ ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ «ዋይፋዩ አይሠራም» የሚል ስሞታ ይመጣል። ብዙ ሰው ሪፒተር ሊገዛ ይሮጣል። ይቅርባችሁ። ርካሹ ሪፒተር ሲግናሉን በአየር ተቀብሎ በዚያው ቻናል መልሶ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይበላዋል። የሚያዋጣው በየፎቁ አክሰስ ፖይንት (በኬብል የመጣውን ኔትወርክ ዋይፋይ አድርጎ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ሰቅሎ ሁሉንም በኬብል ማገናኘት ነው።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ስልካችሁ ላይ ሲግናል የሚለካ አፕ ጫኑና ክፍል ለክፍል ዙሩ። ከ-67 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሲግናሉ ይጠነክራል) የደከመ ቦታ ለቪዲዮ ኮል አይሆንም። የብሎኬት ግድግዳና ሶሌታ ሲግናል ይበላሉ፤ ቆርቆሮማ ጭራሽ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ጓሮ ያለው የቆርቆሮ ክፍል የራሱ አክሰስ ፖይንት ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ኬብል። ካት 6 ይበቃል፣ አንዱ መስመር ከ100 ሜትር አይለፍ። ግቢ የሚያቋርጥ ከሆነ የውጪ ኬብል ግዙ፤ ተራውን ኬብል የጅማ ዝናብ አይምረውም። በኔትወርክ ኬብሉ መብራትም የሚልክ ፖኢ ስዊች ብታገኙ ግልግል ነው፦ ስዊቹንና ራውተሩን አንድ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ትሰካላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ የሁሉም ፎቅ ዋይፋይ እንደበራ ይቆያል።

አሁን ወደ ሴቲንጉ። የዋይፋዩ ስም፣ ፓስወርዱና የደህንነት ዓይነቱ ሁሉም ላይ አንድ ይሁን። «ፎቅ 1»፣ «ፎቅ 2» እያላችሁ ስም አትለያዩ። አይፒ (የየመሣሪያውን የኔትወርክ አድራሻ) የሚያድለውም አንድ መሣሪያ ብቻ፣ ማለትም ዋናው ራውተር ነው። አሮጌ ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት የምትጠቀሙ ከሆነ አይፒ የሚያድለውን ሴቲንግ፣ ማለትም ዲኤችሲፒውን (DHCP) አጥፉ፣ የራሱን አይፒ ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ቀይሩ፣ ኬብሉን ደግሞ ዋን (WAN) ሳይሆን ላን (LAN) የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰኩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ አክሰስ ፖይንቶቹ እንዳይረባበሹ ቻናሉን 1፣ 6 እና 11 አድርጋችሁ ለየፎቁ አከፋፍሉ፣ ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ ይሁን።

ከዚያ የአክሰስ ፖይንቶቹን የማሰራጫ ኃይል ቀንሱ። ያስገርማል፣ ግን ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው አክሰስ ፖይንቱ ሳይሆን ስልኩ ነው፣ ስልክ ደግሞ የያዘው ሲግናል በጣም ካልደከመ አይለቅም፤ ታች ያለው ጮክ ብሎ ከተሰማ ሁለተኛ ፎቅ ደርሶም የታቹን ሙጭጭ ይላል። 802.11አር የሚል አማራጭ ካለ አብሩት፣ ቅይይሩን ያፈጥነዋል። አሮጌ ስልክ ወይም ፕሪንተር አልገናኝ ካለ ግን መልሳችሁ አጥፉት።

በመጨረሻ ቪዲዮ ኮል ከፍታችሁ ዝግ ብላችሁ ደረጃውን ውጡ። ከተቋረጠ የታችኛውን ኃይል አንድ ደረጃ ቀንሱና ድገሙት። የስልኮች ጸባይ ስለሚለያይ በአንድ ስልክ ብቻ አትሞክሩ።