መጀመሪያ ቀበሮው፣ ከዚያ ባንዲኩቷ

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ዱር እንስሳት የሚማሩ ልጆች ሰብሰብ ካሉ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል። የጠፋውን እንስሳ ለምን መልሰን አናመጣም? ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሁሉም የሚታየው የመልቀቂያው ቀን ነው፤ ሳጥኑ ይከፈታል፣ እንስሳው ይፈተለካል፣ ስልክ ሁሉ ይቀርጻል። ያ ቀን ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው። ዋናውን ለማየት አውስትራሊያ ድረስ በሐሳብ እንሂድ።

እዚያ ባንዲኩት የምትባል ትንሽ ፍጥረት አለች፤ የማወራው ወገቧ ላይ መስመር ስላላት ዓይነት ነው። እንደ ካንጋሮ ልጇን በኪስ ታሳድጋለች፣ አንድ ኪሎ አትሞላም፣ ሌሊት እየወጣች ትልና ፌንጣ ፍለጋ አፈር ትቆፍራለች። ኪሷ ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው፣ ስትቆፍር አፈር እንዳይገባባት። በቪክቶሪያ ግዛት ይህች ዓይነት በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጨረሻ ሃሚልተን በምትባል ከተማ ዳርቻ ብቻ ቀርታ ነበር። የቀሩትን ይዘው ማራባት ጀመሩ። ግዛቱ «ከዱር የጠፋች» ከሚለው ዝርዝር አውጥቶ «ለመጥፋት የተቃረበች» ያላት በ2021 ነው። ከ30 ዓመት በላይ ማለት ነው፤ በአንድ ፕሮጀክት በጀት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሥራው ከአንድ ጥያቄ ይጀምራል። ምን ጨረሳት? መልሱን ሳታገኙ አንድም እንስሳ አትንኩ። ለባንዲኩት መልሱ ሣሩ ታርሶ ማለቁ፣ ድመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአውሮፓ የመጣው ቀበሮ ነው (የእኛን የባሌውን ቀይ ቀበሮ እንዳታስቡ፣ እሱ ሌላ ነው)። ማስረጃው ታዝማኒያ ላይ አለ፤ ቀበሮ በሌለበት በዚያ ደሴት ባንዲኩት እስከ ዛሬ በዱር ትኖራለች። ቀበሮው እያለ ባንዲኩት መልቀቅ ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደመወልወል ነው። በቪክቶሪያም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀበሮ በደረሰባቸው ቦታዎች የተለቀቁት አልቀዋል።

መፍትሔው ወይ አጥር ነው ወይ ደሴት። አጥር ስል የግቢ አጥር አይደለም። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ አሪድ ሪከቨሪ በሚባለው ጥብቅ ቦታ ሥራው በ1997 ሲጀመር የቆመው አጥር 1.8 ሜትር ይረዝማል፤ ጫፉ ወደ ውጭ የታጠፈና ሆን ተብሎ የላላ ነው። ድመት ስትወጣ ሽቦው ይወዛወዝና ትወድቃለች። ከታች ደግሞ ሽቦው መሬት ላይ ስለሚነጠፍ ቀበሮ ቆፍሮ አይገባም። አጥር ካላችሁ በየጊዜው የሚዞረው ሰው ደመወዝም ይኑራችሁ። አንድ ቀዳዳ ይበቃል። ሌላም ጣጣ አለው፤ እዚያው አጥር ውስጥ ቤቶንግ የሚባሉት ትናንሽ እንስሳት ከመጠን በላይ ተራብተው ዕፅዋቱን ስለጎዱት ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ በር ተሠራላቸው። ደሴት ይሻላል ካላችሁ፣ ፊሊፕ ደሴት ላይ ባንዲኩት የተለቀቀችው በ2017 ነው፣ ደሴቷ ከቀበሮ ነፃ መሆኗ በታወጀበት ዓመት። ድመቶቹ ግን አሁንም አሉ፤ መብላታቸው ብቻ አይደለም፣ በኩሳቸው የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ባንዲኩትን ይገድላል።

ሦስተኛ መንገድም ሞክረዋል፣ እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ማሬማ የሚባሉ የጣሊያን የበግ ጠባቂ ውሾች አሉ። ባንዲኩት ብቸኛ ስለሆነች ውሻው ከእሷ ጋር አይላመድም፣ ስለዚህ ከበጎች ጋር ያኖሩታል። ሽታውና ጩኸቱ ቀበሮውን ያሸሸዋል፣ ባንዲኩቷም በዚያው ትጠቀማለች። እረኛ ላለው አገር ይህ ከአጥር ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ቦታው ሲዘጋጅ ነው እንስሳ የሚመረጠው። ከአንድ ቤተሰብ አትውሰዱ። የቪክቶሪያዎቹ ከጥቂቶች ስለተራቡ ዘራቸው ጠቦ ነበር፤ ለዚህም ነው ከታዝማኒያዎቹ ጋር ያዳቀሏቸው። ሐኪም ይመርምራቸው፣ በሽታ ይዘው እንዳይገቡ። ቆዳቸው ሥር እያንዳንዳቸው የሚለዩበት ቺፕ ይደረግላቸው። አያያዙ በጨርቅ ከረጢት ነው፣ ጨለማ ሲሆን ይረጋጋሉ። ኪሷ ውስጥ ልጅ ካለ በድንጋጤ ልትጥለው ስለምትችል ረጋ በሉ። የምትለቁት ሲመሽ፣ መደበቂያ ሣር አጠገብ፣ ሰው ሳይበዛ ነው። ባለሥልጣን ንግግር ካለው ቀን ያድርገው።

ከዚያ ክትትሉ ይመጣል። ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ጭራዋ ላይ በፕላስተር ይታሰራል፣ ማን እንደሞተና ምን እንደገደለው ይታወቃል። በኋላ የኦቾሎኒ ቅቤና አጃ በወጥመድ እያስቀመጡ መቁጠር ነው፤ ወጥመዱን ፀሐይ ሳይሞቅ ፈትሹ። የምትፈልጉት ያመጣችኋቸውን ሳይሆን እዚያው የተወለዱትን ነው። ባንዲኩት በ12 ቀን ተኩል ገደማ ስለምትወልድ መልሱ ቶሎ ይመጣል። ግን ቶሎ አትጨፍሩ። ዎይሊ የሚባለው የቤቶንግ ዓይነት በ1996 «ድኗል» ተብሎ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ግን 90 በመቶ ገደማው አለቀ።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ከሻሸመኔ ወደ አጄ ሲሄዱ ያለው ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ነው። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ከዚያ ቆርኬ ተይዞ ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ተወስዶ ነበር። አዋሽ ላይ ዘሩ አልቀረም፣ ነጭ ሳር ላይም በጣት የሚቆጠር ሆነ። እና «ሌላ ቦታ እንልቀቀው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፤ በበጋ፣ ሣር ሲያልቅ፣ የዚያ አካባቢ ከብት የት ነው የሚሰማራው? እኔ ብሆን መልሱን ከባለከብቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያልሰማ ሰው ሳጥን እንኳ እንዲገዛ አልፈቅድለትም።