ለሐይቅና ለአርዲቦ ዓሣ ማስገሪያ ሶናር እንዴት ይመረጣል?

ክረምቱ ከባድ በሆነባቸው አገሮች ዓሣ አጥማጅ የረጋውን በረዶ ይበሳና ቀዳዳው አፍ ላይ ተቀምጦ መንጠቆውን ቀጥ አድርጎ ያወርዳል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ሶናር፣ ማለትም ድምፅ ወደ ውኃ ልኮ በማሚቶው ጥልቀቱንና ዓሣውን የሚያሳይ መሣሪያ፣ አለ፦ በእጅ የሚያዝ፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ ከሥሩ ያለውን ውኃ ብቻ የሚያሳይ። ወሎ ውስጥ በረዶ የሚረጋበት ሐይቅ የለም። ይሁንና ሐይቅና አርዲቦ በሚባሉት የወሎ ሐይቆች ላይ ታንኳውን በድንጋይ አስሮ ቁልቁል የሚያጠምድ ሰው ሥራው ከዚያኛው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ለፈጣን ሞተር ጀልባ ከተሠሩት ይልቅ ይህ ዓይነቱ ይስማማዋል፤ ዋጋውም ሸክሙም ይቀንሳል።

1. ስለ ጥልቀትና ስለ ዋት የሚነገራችሁን አትመኑ

ሐይቅ ጥልቁ ላይ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ አርዲቦ ደግሞ ከ60 ሜትር። ሻጭ «እስከ 500 ሜትር ያነባል» ቢል ለናንተ ጥቅም የለውም። ቆሮሶ ጥልቁን አይወድም፤ ሥራችሁ በአብዛኛው ከ20 ሜትር ወዲህ ባለው ውኃ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋትም ያሳስታል። «ፒክ ቱ ፒክ» (ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለካ) የሚለውን ለ8 አካፍሉት፤ ትክክለኛው ኃይል እሱ ነው። 4,000 የተባለው በተግባር 500 ዋት ነው ማለት ነው፤ ለነዚህ ሐይቆች እሱም ይተርፋል።

2. የድምፁን ስፋት ምረጡ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ከሴንሰሩ (ድምፁን ከሚልከውና ማሚቶውን ከሚቀበለው ክፍል) ወጥቶ ሲወርድ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ ይሄዳል። 20 ዲግሪ የሆነ ሴንሰር 10 ሜትር ላይ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያያል፣ 30 ሜትር ላይ 10.6 ሜትር። 60 ዲግሪው ግን 10 ሜትር ላይ ብቻ 11.5 ሜትር ይሸፍናል። «ብዙ ካየ ይሻላል» ብሎ ሰፊውን መግዛት የተለመደ ስህተት ነው።

ለምን ስህተት ሆነ? ሶናር የሚለካው ድምፁ ደርሶ የተመለሰበትን ጊዜ እንጂ አቅጣጫውን አይደለም። ቀድሞ የተመለሰውን ጠንካራ ማሚቶ «ወለል» ብሎ ይሥለዋል። ወለሉ ሜዳ ከሆነ ችግር የለም። ቁልቁለት ላይ ግን የሰፊው ድምፅ ጠርዝ ከፍ ያለውን የዳገት ወገን ቀድሞ ይመታል። በየ2 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ላይ፣ ከሴንሰሩ ሥር ውኃው 10 ሜትር ቢሆን፣ ባለ 60 ዲግሪው ወለሉን 8.9 ሜትር ላይ ያሳያችኋል። የቀረው 1.1 ሜትር ውኃ በወለሉ ሥዕል ይዋጣል። አምባዛ የሚተኛው ደግሞ እዚያው ከጭቃው ጋር ነው፤ ዓሣው ከሥራችሁ እያለ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። በ20 ዲግሪ የሚደበቀው 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ በ9 ዲግሪ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል። ጨርሶ የማይደብቅ የለም፤ እየጠበበ ሲሄድ ግን የሚደበቀው ይቀንሳል።

ስለዚህ ሁለት ስፋት ያለውንና በአንድ ቁልፍ የሚቀያየረውን ግዙ። ብዙዎቹ ላይ 200 ኪሎ ኸርዝ ጠባቡ፣ 83 ኪሎ ኸርዝ ሰፊው ነው። ሰፊውን ለፍለጋ፣ ጠባቡን መንጠቆው ከወረደ በኋላ ተጠቀሙበት። አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ጠባቡን።

3. ክብ መብራት ወይስ ስክሪን?

የበረዶ አጥማጆች የሚወዱት ባለ ክብ መብራት «ፍላሸር» አሁን ያለውን ብቻ ያሳያል፤ መንጠቆውን ስታንቀሳቅሱ መብራቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ባለ ስክሪኑ ታሪክ ይይዛል፤ አሁን ያለው ግን የቀኙ ጠርዝ ብቻ ነው፣ የቀረው ያለፈ ነው። ለጀማሪ ስክሪኑ ይሻላል። የታሰረች ታንኳ ላይ ዓሣ እንደ ቅስት ሳይሆን እንደ አግድም መስመር ይታያል፣ አትደናገጡ። ዓሣውን በሥዕል የሚያሳየውን አማራጭ ዝጉት፤ አረምንም የአየር አረፋንም ዓሣ አድርጎ ይሥላል።

በስልክ የሚታየው ተወርዋሪ ኳስ ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ይበቃል። ታንኳ ላለው ግን አልመክረውም፤ ከስልኩ ጋር የሚገናኘው ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ብቻ ነው፣ ማዕበል ሲመታው ይቆራረጣል፣ የስልኩንም ባትሪ ይጨርሳል።

4. ባትሪ

ኮምፒውተር ቤቶች ለዩፒኤስ የሚሸጡት ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በትክክል ይሆናል። መሣሪያው ግማሽ አምፒር ቢበላ፣ ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳታወርዱ 7 ሰዓት ይሠራል። ጨርሶ ባዶ ማድረግ ዕድሜውን ይቀጨዋል። ሊቲየሙ ክብደቱ ግማሽ አይሞላም፣ ግን የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል። በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ መመሪያው የሚለውን ፊውዝ አስገቡ። ይህን መዝለል መሣሪያውን ማቃጠል ነው።

5. ሴንሰሩን መትከል

ሴንሰሩን ታንኳው ውስጥ አጣብቆ በእንጨቱ ወይም በደንገሉ በኩል ለማንበብ መሞከር አይሠራም። ሁለቱም አየር ይይዛሉ፣ ድምፁም አየር አያልፍም። ይልቅ 1.5 ሜትር ቱቦላሬ አስቆርጡ፣ ሴንሰሩን ጫፉ ላይ በቡሎን እሰሩ፣ ቱቦላሬውን ከታንኳው ጎን በአናጢ ሞርሳ ያዙት። በቱቦላሬውና በታንኳው መሐል የብስክሌት ካላማዳሪያ ቁራጭ ካልገባ ንቅናቄው ሥዕሉን ያበላሸዋል። ሴንሰሩ ከውኃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይግባ፣ ፊቱም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይይ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ውኃ ልክ አስደግፉበት። 10 ዲግሪ ቢያዘም 10 ሜትር ላይ እይታው ከመንጠቆው 1.8 ሜትር ይርቃል። ፊቱን በሳሙና እጠቡት፤ ቅባት የነካው ፊት ላይ ጥቃቅን አረፋ ይጣበቅና ማንበብ ያቆማል።

6. ውኃ ላይ መፈተሽ

መሣሪያው ላይ መለኪያውን ሜትር፣ የውኃውን ዓይነት ጨዋማ ያልሆነ አድርጉ፤ ሴንሰሩ የጠለቀበትን 30 ሳንቲ ሜትርም ሙሉበት። ከዚያ 10 ግራም የእርሳስ ብረት ክር ላይ አስራችሁ ከሴንሰሩ አጠገብ አውርዱ። ቀስ እያለ የሚወርድ ሰያፍ መስመር መታየት አለበት። ካልታየ የማሚቶውን ማጉያ («ሴንሲቲቪቲ») እየጨመሩ ሄዶ እርሳሱ ብቅ ሲል ማቆም ነው። ስክሪኑ በነጠብጣብ ከተሞላ አንድ ደረጃ መልሱት፤ በክረምት ጎርፍ ደለል ሲያስገባ ይህ ይበዛል። ማጉያውን እስከ መጨረሻ ጨምራችሁም እርሳሱ 10 ሜትር ላይ ከጠፋ ሴንሰሩ አዝሞ ይሆናል፤ ሞርሳውን ፍቱና እንደገና አስተካክሉት።