ወረርሽኝ ሲመጣ በልጆች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል፣ አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለሁለት ሳምንት ነው የተባለው። ልጆቹ እረፍት መስሏቸው ጨፈሩ። ስንመለስ ግን 2013 ገብቶ፣ ጥቅምትም አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ቫይረሱ ያደረሰው ጉዳት አለ፤ ከቫይረሱ ስንሸሽ እኛ ያደረስነው ደግሞ አለ። ልጆችን ይበልጥ የጎዳው ይሄ ሁለተኛው ነው። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ እንዳይደገሙ የምፈልጋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

"ልጆችን ብዙ አይነካም" ብሎ ማለፍ

ኮሮና አብዛኞቹን ልጆች አቅልሎ ነው የያዛቸው፣ ይሄ እውነት ነው። ስህተቱ የመጣው ከዚህ ተነስተን "ልጅ ካልታመመ አልተጎዳም" ስንል ነው። ዕቅዱ ሁሉ ስለ አልጋ፣ ስለ ኦክስጅን፣ ስለ ቬንቲሌተር ሆነ። ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። ግን እናቱን ያጣ ልጅ በየቀኑ በሚነገረው የታማሚ ቁጥር ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 አጋማሽ ድረስ በዓለም ላይ ከ10 ሚሊዮን በላይ ልጆች በኮሮና ወላጃቸውን ወይም አሳዳጊያቸውን እንዳጡ ይገመታል። አንድ ሰው ሲሞት "ቤት ውስጥ ልጅ አለ? ማን ጋ ነው ያለው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት። እኛ አገር ይህን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ዕድር ነው። ዕድሮችን ግን ስለዚህ ጉዳይ የጠየቃቸው ሰው አላየሁም።

ክትባትን "ይሄ ይለፍና" ብሎ ማቆየት

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ከኮሮና በፊትም አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ዓይን በሙሉ ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ በነበረው ኢቦላ ላይ ነበር። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው አገር፣ ኩፍኝ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች ናቸው። ኢቦላው ከ2018 እስከ 2020 የገደለው ወደ 2,300 ገደማ ሰው ነው። ኩፍኝ ክትባት ያለው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ፣ የምናውቀው በሽታ ነው እኮ!

ኮሮና ሲመጣም ያው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 መደበኛ ክትባታቸው ያልተሟላላቸው ሕፃናት 23 ሚሊዮን ደረሱ፤ ከ2019 በ3.7 ሚሊዮን ይበልጣሉ። የፖሊዮ ዘመቻ ቆመ። እናቶችም ፈሩ፤ ጤና ጣቢያ ሄጄ በሽታውን ይዤ እመለሳለሁ ብለው ቀጠሯቸውን ተዉ።

ግን በትክክል የተሠራም አለ፣ እሱም ይነገር። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚያዝያ 2012 ታቅዶ የነበረው የኩፍኝ ዘመቻ ተራዘመ እንጂ አልተሰረዘም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ባለሙያዎቹ ማስክ አድርገው፣ ርቀት እያስጠበቁ ሥራውን ጀመሩ፤ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችም ተከተቡ። ማለትም ይቻላል። ማቆም ግዴታ አልነበረም።

ትምህርት ቤትን መጀመሪያ ዘግቶ መጨረሻ ላይ መክፈት

ስለ በሽታው ምንም ሳይታወቅ መጀመሪያ ላይ መዝጋቱን አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ አካባቢ በዓለም ዙሪያ ወደ 1.6 ቢሊዮን ተማሪ ቤቱ ነበር። የምወቅሰው ገበያውና ታክሲው ሥራቸውን ሲቀጥሉ ክፍሉ ተቆልፎ መቆየቱን ነው። ዩጋንዳ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ጥር 2014 ላይ ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው።

ትምህርት ቤት ደግሞ ትምህርት ብቻ አይደለም። ለብዙ ልጅ የቀኑ ዋና ምግብ እዚያ ነው። በዓለም ዙሪያ ወደ 370 ሚሊዮን ልጆች የትምህርት ቤት ምግባቸው ቀረባቸው። በሩ ሲዘጋ ምግቡ በምን መንገድ ቤታቸው እንደሚደርስ በዚያው ቀን መወሰን አለበት፤ ከወር በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

"ኦንላይን እየተማሩ ነው" ማለት

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ስልኩ ግን የአባት ነው፣ አባት ጠዋት ይዞት ይወጣል፣ ማታ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል ወይም ካርድ የለም፣ ሦስት ልጅ ካለ ደግሞ ለማን ይደርሳል? ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ጭራሽ ለሳምንታት ተቋረጠ። በዓለም ቢያንስ 463 ሚሊዮን ልጆች ምንም ዓይነት የርቀት ትምህርት አልደረሳቸውም። ሬዲዮ ይሻላል። በወረቀት ታትሞ የሚታደል መልመጃም ይሻላል። መጀመሪያ ምንም ለሌለው ልጅ ይታሰብለት፣ ከዚያ ስልክ ላለው ይጨመር።

እናትና አራስን መለየት

ይሄኛው አጭር ነው። ብዙ አገር ውስጥ በኮሮና የተያዘች እናት ከአራስ ልጇ ተለየች፣ ጡት እንዳታጠባም ተከለከለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ተቃራኒ ነበር፦ ማስክ ታድርግ፣ እጇን ትታጠብ፣ ልጇን አቅፋ ጡት ታጥባ።

ሴት ልጆችን መርሳት

ከትምህርት ቤት የራቀች ልጅ ቤት ውስጥ ሥራው ይበዛባታል፣ የጋብቻ ጥያቄው ይመጣል፣ አንዳንዴም አደጋው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ቀድሞ የሚያስተውለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አስተማሪ ነበር። ሴራሊዮን ውስጥ ከኢቦላ በኋላ በ2015 ትምህርት ቤት ሲከፈት ነፍሰ ጡር ተማሪዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ (ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው)። ክልከላው የተነሳው በ2020 ነው። አምስት ዓመት! ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን ቅጣቱ በእነሱ ላይ ወደቀ።

ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠል

ይሄ የእኔም ስህተት ነው። ተማሪዎቼ ወደ አምስተኛ ክፍል ተዛወሩ፣ እኔም አብሬያቸው አለፍኩና መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ከመዘጋቱ በፊት አቀላጥፋ ታነብ የነበረች ልጅ ነበረች። አንብቢ ስላት ቃሉን በጣቷ እየነካች ፊደል በፊደል ትለቅማለች፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ያኔ ነው መጽሐፉን ያስቀመጥኩት። የጠዋቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለሁለት ወር ያህል ለንባብ ብቻ አደረግኩት፣ ልጆቹንም እንደየደረጃቸው አስቀመጥኳቸው። እሷ ተመልሳ አነበበች።

አምስት ልጆች ግን ጭራሽ አልመጡም። ስማቸው መዝገብ ላይ አለ፣ በየቀኑ "ቀሪ" እየተባለ ይሞላል። ቤታቸው ሄዶ የጠየቀ አልነበረም፣ እኔም አልሄድኩም። ትምህርት ቤት ዳግም በሚከፈትበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ የቀሩትን ልጆች ስም ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ገና በሩ ሳይዘጋ ይመደብ።