የልጄ ዶሮና የዝርያ ምዝገባ ጣጣ

ልጄ እዚህ አሜሪካ ፎር ኤች በሚባለው የልጆችና የወጣቶች ክበብ ዶሮ ታረባለች። አምና ለካውንቲው (ለወረዳችን እንደማለት ነው) ትርኢት ቄቧን «አሜሮካና» ብለን አስመዘገብናት። ሻጩ ጫጩቷን የሸጠልን በዚህ ስም ነበር። ዳኛው እግሯን አይተው ከምድቡ አስወጧት። ልጄ እንባዋ መጣ፤ እኔም አንጀቴ ተላወሰ።

ቤት ገብተን የዶሮ ዝርያዎችን መለኪያ የሚያወጣውን ማኅበር፣ የአሜሪካ ፖልትሪ አሶሴሽንን፣ መስፈርት አገላበጥን። አሜሮካና እ.ኤ.አ. በ1984 ዕውቅና ያገኘች ዝርያ ናት። ጺም፣ የጉንጭ ላባና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ እግር ሊኖራት ይገባል። የላባዋ ቀለምም ከታወቁት አንዱ መሆን አለበት። የእኛዋ ጺሟ ድንቅ ነው፤ እግሯ ግን አረንጓዴ! ለካ ኢስተር ኤገር የሚሏት ድቅል ናት። ሰማያዊ እንቁላል መጣሏ ብቻውን አሜሮካና አያደርጋትም።

ዘንድሮ ከመመዝገባችን በፊት የትርኢቱን ደንብ አነበብን። የእኛ ካውንቲ ለድቅሎች ለብቻው ምድብ አለው፤ እዚያ አስገባናት። ዓመት ስላለፋት ደግሞ «ቄብ» የሚለውን ትተን «ሴት ዶሮ» ብለን ሞላን። ልጄ በአያያዝ ውድድርም ገባች። እዚያ የሚዳኘው የልጆቹ አያያዝና ዕውቀት ነው፤ የዶሮዋ ዘር አይደለም። ክንፏን ቀስ አድርጋ ዘርግታ ለዳኛው ስታሳይ እጇ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።