ክፍሉን የሚያርም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ባለ 31 ባንድ ኢኳላይዘር ገዛሁ፤ ቤዙ ግን ያው ነው» አለኝ። ኢኳላይዘር ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ዕቃ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ አዘንኩ። እንዲህ ያለ ስልክ ከስንት ሰው እንደተቀበልኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ታሪኩ ሁሌም ይመሳሰላል። ሰውዬው አጠራቅሞ ደህና ስፒከር ይገዛል። ሳሎኑ ውስጥ ይተክለዋል። ሱቅ የሰማው ድምፅ ግን ቤቱ የለም። ቤዙ ይጎመጉማል፤ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ከዚያ «የክፍል ድምፅ የሚያርም» ዕቃ ፍለጋ ይወጣል፤ ከዚህ በኋላ «ሳጥን» የምለው ይህንኑ ዕቃ ነው። የቀረችው ብር የምትባክነው እዚህ ጋ ነው።

እኔ ሰው ቤት እየዞርኩ ስቴሪዮ እተክላለሁ። ደጋግሜ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። አንዳንዱን ራሴም አጥፍቼዋለሁ።

ሳይለኩ መግዛት

ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ረጅም ሞገድ ነው። ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ይመላለሳል። የሞገዱ ርዝመት ከክፍሉ ጋር ሲገጥም ያ ድምፅ ብቻውን ያብጣል። የት እንደሚያብጥ በግምት ማወቅ ቀላል ነው። 172ን ለክፍላችሁ ርዝመት በሜትር አካፍሉት። ሳሎናችሁ 3.75 ሜትር ከሆነ መልሱ 46 ሄርዝ (በሰከንድ 46 ርግብግቢት) አካባቢ ነው። 3 ሜትር ከሆነ 57 ነው። ለወርዱም ለቁመቱም እንዲሁ አስሉ። እነዚህን ቦታዎች «ጉብታ» ልበላቸው።

የእኛ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት ነው። ቤዙ መውጫ የለውም። አሜሪካ ያሉ ቤቶች በአብዛኛው እንጨትና ጂፕሰም ቦርድ ናቸው። ግድግዳው ራሱ እየተርገበገበ የቤዙን ጉልበት ይበላዋል። ስለዚህ እዚያ ያለ ወንድማችሁ «ይሄ ሳጥን ቤቴን አስተካከለልኝ» ቢላችሁ እውነቱን ነው። ግን የእሱ ቤትና የእናንተ ቤት ሕመማቸው አንድ አይደለም።

ግምቱ መነሻ ነው፤ የሚወስነው ልኬቱ ነው። ለዚህ አር ኢ ደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከኮምፒውተር ጋር በዩ ኤስ ቢ የሚገናኝ የመለኪያ ማይክ ደግሞ ያስፈልጋል። እኔ የምጠቀመው ሚኒ ዲ ኤስ ፒ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ዩሚክ 1 ነው። 100 ዶላር አካባቢ ያወጣል። በመጀመሪያ የምትገዙት ዕቃ ይሄ ይሁን። ሳጥኑ በኋላ ይደርሳል። 100 ዶላር ለአንድ ሰው ከበዛ ሦስት አራት ጓደኛሞች ተዋጡና ግዙት። አንድ ሳሎን ለክቶ ለመጨረስ አንድ ከሰዓት በቂ ነው። ከዚያ ማይኩ ወደሚቀጥለው ቤት ይሂድ።

ባለ 31 ባንድ ኢኳላይዘር

ወደ ደወለልኝ ልጅ ልመለስ። የገዛው ኢኳላይዘር የአዳራሽ ነው። አዳራሽ ውስጥ ማይክ ሲያፏጭ ቶሎ ለመቀነስ ጥሩ ዕቃ ነው። ለሳሎን ቤዝ ግን አልተሠራም።

ለምን? ቁልፎቹ ቦታቸው የተወሰነ ነው። 31.5 ሄርዝ፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 63። የልጁ ሳሎን 3.75 ሜትር ነው። ጉብታው 46 ላይ ነው። 40ን ቢቀንስ አይደርስበትም። 50ን ቢቀንስ ጫፉን ይነካና ጤነኛውን ድምፅ አብሮ ያወርደዋል። ሁለቱንም ሲቀንስ የቤዝ ጊታሩ ግማሽ ይጠፋል፤ ጉምጉምታው ግን ይቀራል። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እነዚያን ቁልፎች ሲያወጣና ሲያወርድ ከርሟል። ጆሮው ልክ ነበር። ያልሆነለት ዕቃው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ፓራሜትሪክ የሚባለው ነው። ቦታውን እናንተ ትመርጣላችሁ፤ 46 ካላችሁ 46 ነው። ስፋቱንም፣ የምትቀንሱትንም መጠን ትወስናላችሁ። ሻጩን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ፓራሜትሪክ ነው?» ካልሆነ ቁልፉ የቱንም ያህል ቢበዛ ተዉት።

ጉድጓድ ለመሙላት መሞከር

እባካችሁ ይሄን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዕቃ የሚያቃጥለው ስህተት ይሄ ነው።

ስትለኩ ጉብታ ብቻ አታዩም፤ ጉድጓድም ታያላችሁ። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ 15 ወይም 20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ወርዶ ይገኛል። ጀማሪ ሁሉ ይህን ሲያይ እጁ ወደ መጨመሪያው ይሄዳል። እኔም ሄዷል።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ትልቅ ሰው ቤት ስፒከር ተከልኩ። 86 ሄርዝ ላይ ጉድጓድ አገኘሁ። 12 ዴሲቤል ጨመርኩበት። የልኬቱ ግራፍ ብዙም አልተነቃነቀም። «ምናልባት ድምፁ አንሶ ይሆናል» ብዬ ቮልዩም ጨመርኩ። ለእሳቸውም እንደዚያው ትቼላቸው ወጣሁ። በሳምንቱ ደወሉ። «ልጄ፣ የግራው ስፒከር ሽታ አመጣ» አሉኝ። የዉፈሩ፣ ማለትም ቤዝ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል፣ የሽቦ ጥቅል ተቃጥሎ ነበር። ከኪሴ ከፍዬ ቀየርኩላቸው። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ከጀርባ ያለውን ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። ሲመለስ ከስፒከሩ ከሚወጣው ጋር ይገናኛል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ሁለቱ ይጣፋሉ። እናንተ ስትጨምሩ ከግድግዳው የሚመለሰውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ጉድጓዱ በቀላሉ አይሞላም። አምፕሊፋየሩ ግን ይሠራል። 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት ዐሥር እጥፍ ዋት ነው። እኔ የጨመርኩት 12 ዴሲቤል ደግሞ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ያ ሁሉ ጉልበት ድምፅ ሆኖ ጆሮ ካልደረሰ የት ይሄዳል? ጥቅሉ ላይ ሙቀት ይሆናል።

መፍትሔው ርቀት የሚለካ ሜትር ነው። 86ን ከዉፈሩ እስከ ጀርባው ግድግዳ ላለው ርቀት አካፍሉት። ርቀቱ 1 ሜትር ከሆነ ጉድጓዱ 86 ሄርዝ አካባቢ ነው። የእሳቸው ስፒከር ልክ አንድ ሜትር ላይ ነበር! ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ሳስጠጋው ጉድጓዱ ወደ 290 ሄርዝ ሸሸ። እዚያ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄደው ድምፅ ስለሚያንስ ብዙም አይጎዳም። እርግጥ ግድግዳ ሲጠጋ ቤዙ በአጠቃላይ ይጨምራል። የጨመረን ነገር ግን መቀነስ ይቻላል። መሣሪያው የሚችለው ይህንኑ ነው፦ መቀነስ። ስፒከራችሁ የአየር ቀዳዳው ከኋላ ከሆነ መተንፈሻ ክፍተት ተዉለት።

ሶፋውንም አንቀሳቅሱት። ከኋላ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉብታውን ሁሉ ይሰማል። የክፍሉ ልክ መሐል ላይ የተቀመጠ ደግሞ 172ን አካፍላችሁ ያገኛችሁትን ቤዝ ጭራሽ ያጣዋል። 40 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ማለት ብቻውን ከሳጥን የበለጠ ሲሠራ አይቻለሁ። ወጪው ባዶ ነው።

የስልክ ማይክ

የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነው። ታች ያለውን ቤዝ በትክክል አያነብም። እንደ ዊም ያሉ ስትሪመሮች (ሙዚቃ ከኢንተርኔት የሚያጫውቱ ዕቃዎች) በስልክ እየለካችሁ ክፍሉን እንድታርሙ ያደርጋሉ። እንደ መነሻ ደህና ነው። ቤዝ ጨምር ብሎ ሲመክራችሁ ግን እሺ አትበሉት።

የሌላ ሰው ካሊብሬሽን ፋይል መጠቀም

ካሊብሬሽን ፋይል ማይኩ ራሱ የሚያዛባውን የሚያስተካክል ፋይል ነው። እያንዳንዱ ዩሚክ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ፋይሉን በዚያ ቁጥር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። የጓደኛችሁ ፋይል ለጓደኛችሁ ማይክ ነው።

ሳጥኑ የት እንደሚገባ ሳያዩ ማዘዝ

ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም አንድ ደቂቃ የአምፕሊፋየራችሁን ጀርባ ብታዩ ይቀራል። ብዙ ሰው ሳጥኑን ከውጭ ያስልካል፤ ሲደርስ አምፕሊፋየሩ ላይ የሚሰካበት ቦታ የለም።

ሳጥኑ መግባት ያለበት ሙዚቃው ከሚመጣበት ዕቃና ድምፁን ከሚያጎላው የአምፕሊፋየሩ ክፍል መካከል ነው። ሙዚቃ የምትሰሙት ከአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፤ መሐላቸው ታስገቡታላችሁ። ሲዲም፣ ሸክላም፣ ቴሌቪዥንም ካላችሁ ግን ለሁሉም የሚያገለግል አንድ በር ያስፈልጋል።

ደስ የሚለው ነገር ይህ በር ብዙ ቤት ውስጥ ተረስቶ ተቀምጧል። በካሴት ዘመን የተሠሩት የጃፓን አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ «ቴፕ ሞኒተር» የሚል ማብሪያ፣ ጀርባቸው ላይ ደግሞ የቴፕ መውጫና መግቢያ አላቸው። ማብሪያውን ስትጫኑ ድምፁ በመውጫው ወጥቶ በመግቢያው ይመለሳል። ሳጥኑን እዚያ ሰኩት። በቃ! ከአባታችሁ የወረሳችሁት አምፕ ከብዙ አዲስ አምፕ ይልቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል። አደራ፣ አሮጌ ነው ብላችሁ አትሽጡት።

ሰብዉፈር (ለብቻው የሚቆም የቤዝ ስፒከር) ላለው ሰው ደግሞ ሚኒ ዲ ኤስ ፒ 2 በ 4 ኤች ዲ የሚባለውን ሳጥን እመርጥለታለሁ። 200 ዶላር አካባቢ ነው። ሁለት መግቢያና አራት መውጫ ስላለው ስፒከሮቹን በሁለቱ፣ ሰብዉፈሩን በሦስተኛው ታወጣላችሁ። ሰብዉፈሩ ከስፒከሮቹ እኩል እንዲደርስ የማዘግያ ጊዜም ይቀበላል። ዲራክ የሚባለው የስዊድኖቹ ራሱን በራሱ የሚያርም ፕሮግራም ለብቻው ይከፈልበታል። ጥሩ ነው፤ ግን በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ሦስት ጉብታ ለመቀነስ አያስፈልጋችሁም።

ሙዚቃችሁ ከላፕቶፕ ብቻ የሚመጣ ከሆነስ? ምንም ሳጥን አትግዙ። ኢኳላይዘር ኤ ፒ ኦ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ጫኑ። አር ኢ ደብልዩ ያሰላውን ማረሚያ ይቀበላል። ወጪያችሁ ማይኩ ብቻ ነው።

የሚያስተጋባን ክፍል በኢኳላይዘር ማከም

ሳሎኑ መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ድምፁ ከተንቀጠቀጠና ከቆየ ችግሩ ማስተጋባት ነው። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ መጻሕፍት የሞላበት መደርደሪያ ያስፈልጋችኋል። የትኛውም ሳጥን አንዴ ከስፒከር የወጣን ድምፅ ከግድግዳ ላይ አይለቅመውም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ደግሞ ተዉ። ብዙ አይጠቅምም፤ እሳት ግን ቶሎ ይይዘዋል።

ግራፉን መስመር ማስመሰል

በጣም የምወዳቸው ጀማሪዎች የሚወድቁበት ስህተት ነው። ትጉዎቹ ናቸው። ሌሊት ቁጭ ብለው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን መስመር በማስመሪያ እንደተሰመረ ያደርጉታል። ከዚያ ሲሰሙት ድምፁ የሳሳና ጆሮ የሚወጋ ይሆንባቸዋል። ጥፋቱ የት እንዳለ ይጠፋቸዋል።

የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም ሃርማን በሚባለው የድምፅ ዕቃ አምራች ኩባንያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይህን አጥንቷል። ጥሩ ስፒከር በተለመደ ክፍል ውስጥ ሲለካ ከቤዝ ወደ ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ) ቀስ እያለ ይወርዳል። ጆሯችን የሚወደውም ይህን ነው። ስለዚህ ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ አርሙ። ከዚያ በላይ ማይኩን አንድ ጋት ስታንቀሳቅሱት ግራፉ ይለወጣል፤ የምታርሙት የማይኩን ቦታ ነው። ለቤዙም ቢሆን በአንድ ነጥብ አትለኩ። ጭንቅላታችሁ በሚያርፍበት አካባቢ አምስት ስድስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

120 ቮልት

ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ 100-240 የሚለውን ፈልጉ። 120 ብቻ ካለ በቀጥታ አትሰኩት።

የደወለልኝ ልጅ ቤት በማግስቱ ሄድኩ። ስፒከሮቹን ወደ ግድግዳው አስጠጋን፣ ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ አላቀቅን። ማይኬን አውጥተን ለካን። ሙዚቃው ከላፕቶፕ ስለሚመጣ ኤ ፒ ኦ ጫንን። 46 ላይ 9 ዴሲቤል ቀነስን፤ ሌላ አንድ ጉብታ 70 አካባቢ ነበር፣ እሱንም 4 ቀነስን። ሌላ ምንም አልነካንም። ከዚያ የበገና ቅጂ አጫወተ። ታች ያሉት አውታሮች አንድ በአንድ ተለይተው ሲሰሙ ዝም ብሎ ቆየ። እናቱ ከጓዳ ወጥተው «ምን አደረጋችሁት?» ብለው ተቀመጡ።

ኢኳላይዘሩን ለሰፈራቸው የዕድር አዳራሽ ሰጠው። ማይኬን ደግሞ ለአንድ ጓደኛው ሳሎን ተውሶኛል፤ ከዚያ ለጓደኛው ጓደኛ ተላልፏል። በዚህ ሳምንት አያት ሰፈር አካባቢ እንዳለ ሰምቻለሁ።