ማይክ የማይሰማው ኮምፒውተር፦ ዝም ያለ ዲስክና ማቀዝቀዣ እንዴት ይመረጣል?

ትረካ የምቀዳው መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው። ለጎረቤት ውሻና ለታክሲ ረዳት ጩኸት ሰዓት መርጬ እቀዳለሁ። ኮምፒውተር ግን ሰዓት የለውም። ማይኩ ካለበት ክፍል ከገባ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ይህን የምጽፈው ድምፁ ላስቸገራችሁ ነው። ባትቀዱም እንኳ ሕፃን በሚተኛበት ክፍል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ጉዳዩ ያው ነው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት የሚጮኸው የቱ እንደሆነ ለዩ። ብዙ ሰው «ፋኑ ነው» ብሎ ፋን ይቀይራል፤ ጥፋተኛው ግን ሃርድ ዲስኩ ሆኖ ይገኛል። መለያው ቀላል ነው። ኦዳሲቲን ክፈቱ፤ ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ነው። ማንም ሳይናገር ግማሽ ደቂቃ ቅዱና ፕሎት ስፔክትረም የሚለውን ተጫኑ፤ ድምፁን በግራፍ ያሳያችኋል። ሳይዙን 16384 አድርጉት፤ አለዚያ ተቀራራቢ ድምፆች ይደባለቁባችኋል። ከዚያ ጉብታው የት እንዳለ እዩ።

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ ጉብታውም 120 ኸርዝ ላይ ነው። የባለ 5,400ው 90 ላይ ነው። 100 ኸርዝ ላይ ካገኛችሁት ዲስኩን አትውቀሱት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የትራንስፎርመር ጉርምርምታ እጥፉ ላይ ይሰማል፤ ስታቢላይዘሩን ወይም ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን) ጠርጥሩ። የፋን ጉብታ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ፍጥነቱ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ባለ 7 ክንፍ ፋን በደቂቃ 1,200 ጊዜ ሲዞር 140 ኸርዝ አካባቢ ታዩታላችሁ።

120 ኸርዝ የሚያናድደኝ በምክንያት ነው። የወንድ ድምፅ መሠረቱ እዚያው አካባቢ ነው። ቆርጬ ላውጣው ብትሉ የተራኪውንም ድምፅ ታሳሱታላችሁ። ኤሲኤክስ የተባለው የኦዲዮ መጽሐፍ መድረክ ማንም በማይናገርበት ጊዜ የሚቀረው ድምፅ ከ−60 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ያዛል። ጠረጴዛ ሥር ሃርድ ዲስክ እየዞረ እዚያ መድረስ ልፋት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ማይክ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ አይኑር። ዊንዶውሱም ሥራችሁም ኤስኤስዲ ላይ ይሁን፤ ይህ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዝምተኛ ዲስክ ነው። የሚሽከረከረው ለመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ይቅር፤ ስትፈልጉት ይሰካል፣ ሲያልቅ ይነቀላል።

የትኛው ኤስኤስዲ?

እዚህ ላይ ሻጩ ወደ ፈጣኑና ወደ ውዱ ይገፋችኋል። ስሌቱን እዩት። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በአንድ ማይክ የተቀዳ ትረካ በሰዓት 520 ሜጋባይት ገደማ ነው። በኬብል የሚሰካው ተራው ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። የአንድ ሰዓት ትረካ በአንድ ሰከንድ! ከዚህ በላይ የሚፈጥነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ይጠቅማል፤ ለእኛ ሙቀት በገንዘብ መግዛት ነው። ማዘርቦርዳችሁ የሚቀበለው ኤንቪኤምኢ ብቻ ከሆነ ከፈጣኑ ይልቅ መካከለኛውን ውሰዱ፤ የአሉሚኒየም ልባሱም አይቅር።

ልዩነቱን ያለበት ቦታ ፈልጉት። ሳምሰንግ 870 ኢቮ እና 870 ኪውቮ የሚባሉ ሁለት ዲስኮች አሉት። ካርቶናቸው ይመሳሰላል። ባለ አንድ ቴራባይቱ ኢቮ የ5 ዓመት ወይም የ600 ቴራባይት ጽሕፈት ዋስትና አለው። ኪውቮው 3 ዓመትና 360 ቴራባይት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፍጥነቱ ነው፤ ኪውቮው ጊዜያዊ ማጠራቀሚያው ሲሞላ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ይህ ከደህና ሃርድ ዲስክ ያነሰ ነው። ትልልቅ ፋይል አዘውትራችሁ የምትገለብጡ ከሆነ ይሰማችኋል። የሌሎች አምራቾች ርካሽ ኤስኤስዲዎችም ብዙዎቹ ኪውኤልሲ በሚባለው በዚሁ በኪውቮው መንገድ የተሠሩ ናቸው። ካርቶኑ ላይ እንደ ኢቮው ቲኤልሲ ነው ወይስ እንደ ኪውቮው ኪውኤልሲ ብላችሁ ፈልጉ። ምንም ካልጻፈ እኔ እተወዋለሁ።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚለውን ወሬ እርሱት። በቀን 10 ጊጋባይት ብትጽፉ 600 ቴራባይትን ለመጨረስ ከ160 ዓመት በላይ ይፈጃል። በእኛ አገር ይልቅ የምፈራው መብራቱን ነው። ለቤት የሚሸጡ ኤስኤስዲዎች አብዛኞቹ መብራት ድርግም ሲል በመጻፍ ላይ የነበረውን የሚያስጨርስ መጠባበቂያ ኃይል የላቸውም። ሄዶ የሚመጣ መብራት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ስለዚህ ከዲስኩ ጋር ዩፒኤስም አብራችሁ በጀት ያዙለት። ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በወጉ ለማጥፋት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዩፒኤስ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ነቅላችሁ በባትሪ ሲሠራ አዳምጡት። ፋን ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ቮልቴጅ በወረደ ቁጥር «ጠቅ» የሚለውም ማይክ ውስጥ ይገባል፤ ከጠረጴዛው አርቁት። ባትሪው ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ይቀየራል።

ሱቅ ስትገቡ

ገበያው መርካቶም ይሁን መገናኛ፣ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። በዩኤስቢ የሚሰካ የሳታ ኬብልም ያዙ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ኦሪጅናል ነው፣ እሽጉን እይው!» ይሉኛል። እሽግ ማንም ያሽጋል። ዲስኩን ሰክቼ የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ስከፍት ግን ወሬው ያጥራል።

መጀመሪያ የሠራበትን ሰዓት እዩ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። «ትንሽ ያገለገለ» የተባለ ዲስክ 35,000 ሰዓት ካሳያችሁ አራት ዓመት ሳይጠፋ ሠርቷል ማለት ነው፤ የሰርቨር ወይም የደኅንነት ካሜራ መቅጃ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስክ ከሆነ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች ተመልከቱ። የተበላሹና የተጠረጠሩ ቦታዎች ቁጥር ነው። ከዜሮ በላይ ከሆኑ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። ሲ7 ብቻውን ከፍ ካለ ግን አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ የኬብል ችግር ነው።

ሰዓቱም ቢሆን ይዋሻል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ፣ በተለይ ጀርመን፣ ያገለገሉ የሲጌት የሰርቨር ዲስኮች ሰዓታቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። የተጋለጡት ፋርም በሚባል ሌላ መዝገብ ነው፤ አጭበርባሪዎቹ እሱን አላጠፉትም ነበር። ስማርትሲቲኤል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከ7.4 ስሪቱ ጀምሮ ይህን መዝገብ ያነባል። በሚያጠራጥር ዋጋ የሚሸጥ ትልቅ የሲጌት ዲስክ ካጋጠማችሁ ሳታዩት ገንዘብ አትቁጠሩ።

ፎርጅድ ኤስኤስዲና ፍላሽ ደግሞ መጠናቸውን ይዋሻሉ። «2 ቴራ» ይላል፣ ውስጡ 64 ጊጋ ነው፤ ሲሞላ የቀድሞውን ፋይል በላዩ ይጽፍበታል። ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ጫፍ ድረስ ሙሉና አንብቡት። ሰዓታት ስለሚወስድ ሱቅ ውስጥ አይቻልም፤ ስለዚህ «ካልሞላ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማምታችሁ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ውጡ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ዋስትናም አይሰጥም።

የሚሽከረከረው የሚቀርበት ቦታ

ለማኅደር ሃርድ ዲስክን እመርጣለሁ። ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ መረጃው ሊደበዝዝ ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሹ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ይበቃል። ሁለት ይሁኑ። አንዱ እኔ ዘንድ ነው፣ አንዱ እናቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ። የትኛውም ብራንድ ይሰበራል፤ ሁለት ዲስክ በአንድ ቀን፣ በሁለት ሰፈር መሰበሩ ግን ይከብዳል።

ዲስክ ለቤት ሰርቨር የምትገዙ ከሆነ ኤስኤምአር ከሚባለው ዓይነት ተጠንቀቁ። ትራኮቹ የተደራረቡ ስለሆኑ ደጋግሞ ሲጻፍበት ይንቀራፈፋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል አንዳንድ የሬድ ዲስኮቹ እንዲህ መሆናቸውን ሳይናገር መሸጡ ታውቆ ብዙ ገዢ ተቆጣ። አሁን ሬድ ፕላስ የሚለው ከዚህ ነፃ ነው፤ የሲጌት አይረንዎልፍም እንዲሁ። ለቅጂ ብቻ ለሚቀመጥ ዲስክ ግን ኤስኤምአርም ችግር የለውም።

የግድ ኬዝ ውስጥ ሃርድ ዲስክ ያስፈልገኛል ካላችሁ በቡሎን አትሰሩት። ማሲንቆን አስቡ፤ ጭራው ብቻውን ብዙ አይሰማም፣ ቆዳ የለበሰው ሣጥን ነው የሚያጎላው። ኬዙ ያ ሣጥን ነው። ከልብስ ሰፊ ሱቅ ወፈር ያለ ላስቲክ ግዙና ዲስኩን በሁለት ቦታ አንጠልጥሉት፤ ከብረቱ ጋር አይነካካ። አየር እንዲያገኝ ከፋን ፊት ይሁን። በስፖንጅ መጠቅለል ግን አይሞከርም፤ ይሞቃል። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በታች ቢሆን ደስ ይለኛል። ኮምፒውተሩን ከቦታ ቦታ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ዲስኩን አውርዱት።

ማቀዝቀዣው

የፋን ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱ የሚነፍሰው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ሁለት ፋን በግማሽ ፍጥነት ብታዞሩ አየሩ እንደ በፊቱ ሆኖ ድምፁ 12 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። ጆሮ ደግሞ የ10 ዴሲቤልን ቅናሽ «ግማሽ ሆነ» ብሎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ከአንድ ጯሂ ሁለት ዘገምተኛ ይሻላል። 120 ወይም 140 ሚሊሜትር ይሁኑ። ፊቱ በወንፊት የተሠራ ኬዝ ምረጡ። ፊቱ መስታወት የሆነውና በመብራት ያሸበረቀው ያምራል፣ አየር ግን አይገባውም።

ፋኑ ባለ 4 ፒን ይሁን፤ ማዘርቦርዱ እንደ ሙቀቱ ፍጥነቱን በደንብ ይቆጣጠረዋል። ስሊቭ ቤሪንግ የሚለውን ርካሽ ፋን ተዉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ያንቋርራል፣ በአግድም ሲገጠም ደግሞ ይብስበታል። ፍሉይድ ዳይናሚክ የሚለው ይሻላል። ኖክቱዋ ውድና ምርጥ ነው። አርክቲክ ፒ12 በጣም ይረክሳል፣ ለእኔ በቂ ነው። ለፕሮሰሰሩ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን ትንሽ ማቀዝቀዣ አውጡና ባለ 4 የመዳብ ቱቦ ሂትሲንክ (ሙቀት አውጪ ብረት) ከ120 ሚሊሜትር ፋን ጋር ግጠሙ። የውሃ ማቀዝቀዣ ለቀረጻ ክፍል አልመክርም፤ ፓምፑ አያርፍም።

የውጭ ሰዎች የሙቀት ቁጥር ሲነግሯችሁ አንድ ነገር አስቡ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ዩቲዩብ ላይ ባያችሁት ቁጥር ላይ ጥቂት ዲግሪ ጨምሩበት። ደግነቱ ክፍላችን ቀዝቃዛ ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ አየራችሁ ከእኛ ይወፍራል፣ ቤቱ ግን ይሞቃል፤ ሂትሲንኩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። በነገራችን ላይ ሃርድ ዲስክም ከፍታ ያውቃል። ማንበቢያው ከሰሌዳው በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ ብዙዎቹ የሚፈቀድላቸው እስከ 3,048 ሜትር ነው። ከተማ ውስጥ ችግር የለም። እንጦጦ አናት ላይ ሰርቨር የሚያቆም ሰው ካለ ግን በሂሊየም የታሸገውን ይግዛ።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ግቡና የፋኑን ፍጥነት አስተካክሉ። ፕሮሰሰሩ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ፋኑ በዝቅተኛ ፍጥነት ይቆይ። ከዚያ በኋላም በዝግታ ይጨምር። ማዘርቦርዱ የማዘግያ ሰከንድ ካለው ተጠቀሙበት። ከፍ ዝቅ የሚል ፋን ትንሽ ከፍ ብሎ ከጸናው ይበልጥ ይረብሻል። የጸናውን ድምፅ ኦዳሲቲ ናሙና ወስዶ ሊቀንሰው ይችላል፤ የሚዋዥቀውን ግን አይችለውም።

የቀረው አቧራ ነው። በተለይ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በልግ። አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ይብለጡ፤ አየሩ በየቀዳዳው ሳይሆን በማጣሪያው ብቻ ይገባል። ማጣሪያ ከሌለ የሴት ስቶኪንግ ወጥራችሁ በማግኔት ያዙት። በየወሩ ታጥቦ ይደርቅ። ኬዙን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ደግሞ ይቅርባችሁ፤ ግፊቱ ይበዛል፣ ከአየሩ ጋር ውሃም ይረጫል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ትንሽ የእጅ መንፊያ ይበቃል። ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣታችሁ ያዙ፤ በባዶ ሲሽከረከር ቤሪንጉ ይጎዳል።