እግር ተሰብሮ በዓል ሲመጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ከገና እስከ ጥምቀት ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ዘመዱም ጓደኛውም ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከውጭም ይገባል። በዚህ መሀል እግሩ ተሰብሮ ጄሶ የታሰረለት ሰው ካለ፣ ከሕመሙ በላይ የሚያስቸግረው ይሉኝታው ነው።

ለእንግዳ ሁሉ ብድግ ማለት

ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቆየት ይከብዳል። ግን ቀኑን ሙሉ ሲነሱ ሲቀመጡ ከዋሉ ማታ እግርዎ ያብጥና ጄሶው ይጠብብዎታል። ተቀምጠው «ኖር» ይበሉ። እንግዳውም «በእግዜር፣ ኧረ አይነሱ!» ይላል እንጂ አይቀየምም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግርን አንጠልጥሎ ቡና መጠጣትም ያው ነው፤ ያሳብጣል። ጋደም ብለው እግርዎን ሁለት ሦስት ትራስ ላይ ያድርጉት። ከልብ ከፍ ሲል እብጠቱ ይቀንሳል። እግር መዘርጋቱ ነውር ከመሰለዎት ጋቢ ጣል ያድርጉበት።

ቄጤማውን ችላ ማለት

እርጥብ ቄጤማ ሲጎዘጎዝ ቤቱ ያምራል፤ ክራንች ግን ያንሸራትታል። ከመቀመጫዎ እስከ በሩና እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ያለው መንገድ ሳይጎዘጎዝ ይቅር። ረከቦቱና የከሰል ምድጃውም ከዚያ መስመር ይራቁ። የክራንቹ ጫፍ ጎማ ተበልቶ ከለሰለሰ ከበዓሉ በፊት ያስቀይሩት።

«ጄሶውን አውልቀህ ወጌሻ ይየው» ለሚል ዘመድ እጅ መስጠት

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ወጌሻ አሽቶት የዳነ አንድ ሰው ያውቃል። ምክሩም ከልብ ነው። ነገር ግን የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ መውጫ ያጣል፣ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፣ ሥጋው ይሞታል። በአገራችን በዚህ ሰበብ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ዘመድን ላለማስቀየም «ሐኪሜ ቀጠሮ ሰጥቶኛል፣ እሱን ልጨርስ» ማለት ይበቃል።

ሆስፒታል የታሰረ ጄሶም ሊጠብ ይችላል። ማስታገሻ ወስደው ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶችዎ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ማንቀሳቀስ ካቃተዎት ወዲያውኑ ይሂዱ። ባትዎ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎትም እንዲሁ። «የሰው በዓል አላበላሽም» ብሎ እስከ ንጋት መጠበቅ እግር ያሳጣል፣ ሕይወትም ያሳጣል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በበዓልም ይሠራል።

ኪኒን ውጦ ጠላ መቅመስ

«አንድ ብርጭቆ ምን ያደርጋል?» ይባላል። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ጠላም ጠጅም አረቄም አይቅመስ፤ ኪኒኑና መጠጡ ሲገናኙ ትንፋሽን እስከማዳከም ይደርሳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች ደግሞ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳሉ። ገና እስኪገባ፣ የጥምቀት ዋዜማም ጾም ስለሆነ ከሐኪምዎም ከንስሐ አባትዎም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ጓዳ መግባት፣ ወይም መኝታ ቤት መደበቅ

ሁለቱም አይጠቅሙም። ሳሎን ተቀምጠው የዶሮውን ሽንኩርት ይክተፉ። ሥራውም ይቀላል፣ ጨዋታውም አያመልጥዎትም።

ጥምቀትን እንደ አምናው ለማክበር መሞከር

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ ለማየት ከሩቅ ይመጣል። በዚያው ዓመት ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ላይ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ጤነኛ እንኳ በሚገፋበት ቦታ ክራንች ይዞ መግባት አያዋጣም። ውኃው ሲረጭና ወጣቱ ሲዘል ደግሞ ደርቆ የሚመለስ የለም። ጄሶ ሲርስ ይላላል፣ አጥንቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ውስጡ ያለው ቆዳም ይቆስላል።

ይቅርብዎ ማለቴ አይደለም። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ፋሲል መዋኛ ወዳለበት ወደ ቀሃ ሲወርዱ መንገድ ዳር ቤት ያለው ዘመድ ጋ ቀደም ብለው በባጃጅ ይሂዱ። መንገዱ ሳይዘጋ ይድረሱ። በር ላይ ወንበር ይውጣልዎት፣ አጠገብዎ ሰው ይቁም። ታቦቱ ሲያልፍ ከወንበርዎ ሆነው እልል ይበሉ። የጥምቀቱን ጸበል ቤተሰብ በጠርሙስ ያምጣልዎት። ሲረጩ ጄሶውን በፌስታል ይሸፍኑት። ቢረጥብብዎ ግን ቃና ዘገሊላ እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳዩት።